ዐለት መውጣትና ድባቴ፦ ማስረጃው የሚደርስበትና የሚቆምበት

ድባቴ የያዘው ሰው ከዘመድ ከወዳጁ የሚሰማው ምክር ሁሌም ያው ነው። «ወጣ ወጣ በል፤ ከሰው ተቀላቀል፤ ሰውነትህን አፍታታው፤ ነገር አታብሰልስል።» ምክሩ ከፍቅር የመነጨ ነው፤ ሐሳቡም ልክ ነው። ሕመሙ ግን አስቀድሞ የሚወስደው ይህንኑ ለማድረግ የሚያስፈልገውን ጉልበትና ፍላጎት ነው። ፊቱን መታጠብ የከበደውን ሰው «ሩጥ» ማለት፣ መሮጥ ሲያቅተው ራሱን የሚወቅስበት ሌላ ምክንያት መጨመር ይሆናል። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት እንቅስቃሴ ይጠቅማል ወይስ አይጠቅምም የሚለው ብቻ አይደለም። የታመመ ሰው ሊጀምረው የሚችለው እንቅስቃሴ የትኛው ነው? በሳምንቱ ተመልሶ እንዲመጣ የሚያደርገውስ? ሰውነቱ እየተንቀሳቀሰ ሐሳቡ እዚያው የነበረበት እንዳይቀር ምን ሊረዳው ይችላል?

ካለፉት ዐሥር ዓመታት ወዲህ ለነዚህ ጥያቄዎች ያልተጠበቀ መልስ የመጣው ከጀርመን ነው፦ ዐለት መውጣት። ወሬው ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ «ዐለት መውጣት ድባቴን ያድናል» ወደሚል አጭር አባባል ተለውጧል። ጥናቶቹ የሚሉት ከዚህ የጠበበ ነው፤ ለታማሚው ግን ከዚህ የበለጠ ይጠቅማል። የተፈተነው መውጣቱ ብቻውን አይደለም፤ በሠለጠኑ ሰዎች መሪነት፣ በቡድን፣ ከሥነ ልቦና ሕክምና ጋር ተጋምዶ የቀረበ መውጣት ነው። ሁለቱን የሚያምታታ ሰው ወይ ከልክ ያለፈ ተስፋ ይሰጣል፣ ወይ ነገሩን እንደ ቅብጠት ቆጥሮ ይንቀዋል። ሁለቱም ታማሚውን ይጎዱታል ብዬ ስለማምን ማስረጃውን ከሥሩ ጀምሬ ልዳስሰው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሕክምናው የሚጠቀመው ቦልደሪንግ የተባለውን ዓይነት ነው። ቦልደሪንግ ያለ ገመድ ነው የሚወጣው። ግድግዳው አብዛኛውን ጊዜ ከአራት ሜትር ተኩል አይበልጥም፤ ከሥሩም የወደቀ ሰው የሚያርፍበት ወፍራም ፍራሽ ተነጥፏል። በግድግዳው ላይ ቀለማቸው የተለያየ የፕላስቲክ መያዣዎች በብሎን ታስረዋል። ሥራው አንዱን ቀለም ብቻ እየጨበጡና እየረገጡ ላይ መድረስ ነው። አንዱን መንገድ ሕፃን ልጅ ይወጣዋል፤ ከእሱ በስተቀኝ ያለውን ደግሞ ዓመታት የተለማመደ ሰው እንኳ ላይጨርሰው ይችላል። የሚያስፈልገው ዕቃ የጎማ ሶል ያለው ጠባብ ጫማና የእጅን ላብ የሚያደርቅ ነጭ ዱቄት ብቻ ነው። ስፖርቱ ራሱን ችሎ እንዲቆም ካደረጉት ሰዎች አሜሪካዊው የሒሳብ ምሁርና ጂምናስቲከኛ ጆን ጊል በቀዳሚነት ይነሣል፤ በ1950ዎቹ ትንንሽ ቋጥኞችን እንደ ጂምናስቲክ መሣሪያ አድርጎ መሥራት ጀመረ። በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሊምፒክ ዐለት መውጣት ለመጀመሪያ ጊዜ የሜዳሊያ ውድድር ሆነ። ዛሬ በአውሮፓና በአሜሪካ ከተሞች የመውጫ አዳራሽ እንደ ጂም ቤት የተለመደ ነው።

ስለ አካል እንቅስቃሴ በጠቅላላው የታወቀውንም አስቀድሞ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። በ1999 የዱክ ዩኒቨርሲቲው ጄምስ ብሉመንታልና ባልደረቦቹ ድባቴ ያለባቸውን፣ ዕድሜያቸው 50 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ 156 ሰዎችን በዕጣ በሦስት መደቧቸው። አንደኛው ቡድን ስፖርት ሠራ፤ ሁለተኛው ሰርትራሊን የተባለውን መድኃኒት ወሰደ፤ ሦስተኛው ሁለቱንም አደረገ። ከ16 ሳምንታት በኋላ የሦስቱም መሻሻል ተቀራራቢ ነበር፤ ለውጡ ፈጥኖ የታየው ግን መድኃኒት በወሰዱት ላይ ነው። በ2024 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የወጣ ሰፊ ግምገማ ደግሞ 14,170 ሰዎች የተሳተፉባቸውን 218 ጥናቶች በአንድ ላይ አይቶ፣ የእግር ጉዞና ሶምሶማ፣ ዮጋ እንዲሁም የጡንቻ ማጠንከሪያ ልምምድ ድባቴን በጎላ ሁኔታ እንደሚቀንሱ ደመደመ። ጸሐፊዎቹ የብዙዎቹ ጥናቶች ጥራት ዝቅተኛ መሆኑንም አልደበቁም። ከዚህ ተነሥተን ስናየው ዐለት መውጣት ቢጠቅም አይደንቅም፤ እንቅስቃሴ ነውና። የሚያከራክረው እንቅስቃሴ ብቻ ከሚሰጠው ጥቅም በላይ የሚጨምረው ነገር አለ ወይ የሚለው ነው።

ይህን በዋናነት የመረመረው በባቫሪያ ግዛት ኤርላንገን ከተማ ባለው የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል የሚሠራው ቡድን ነው። ካታሪና ሉተንበርገር፣ ኤቫ ማሪያ ሽቴልትሰር እና ባልደረቦቻቸው የመጀመሪያውን ውጤት ያሳተሙት በ2015 ነው። ሕክምናው ለስምንት ሳምንታት፣ በሳምንት አንድ ቀን፣ ለሦስት ሰዓት ይሰጥ ነበር። ግማሾቹ ታማሚዎች ወዲያው ጀመሩ፤ የቀሩት ተራ ጠባቂ ሆነው ለማነጻጸሪያ አገለገሉ። የድባቴን ክብደት ከ0 እስከ 63 በሚለካው የቤክ መጠይቅ የጀማሪዎቹ ነጥብ በአማካይ በ6.27 ሲወርድ የተራ ጠባቂዎቹ የወረደው በ1.4 ብቻ ነበር። እስከ መጨረሻው የተከታተሉት 47 ሰዎች ብቻ ስለነበሩ ጥናቱ ሙከራ ነበር እንጂ ማረጋገጫ አልነበረም። ቢሆንም ለቀጣዩ ሥራ በር ከፈተ።

በሕክምናው ሰዓት የሚደረገውን ቀረብ ብሎ ያየ ሰው ለምን ተራ ስፖርት እንዳልሆነ ይገባዋል። ቡድኑ መጀመሪያ ተቀምጦ ትንፋሹንና ሰውነቱን በማስተዋል ይጀምራል። ከዚያ የዕለቱ ርእስ ይነሣል፤ ለምሳሌ ከራስ ብዙ መጠበቅ፣ ፍርሃት፣ ሰውን ማመን፣ ድንበርን ማወቅ። ቀጥሎ ያው ርእስ ግድግዳው ላይ በሰውነት ይሠራል። በሕክምና መውጣት የተለመደውን አንዱን ልምምድ እንውሰድ። ታማሚዋ ዓይኗን በጨርቅ ትሸፍናለች። ከሥሯ የቆመ የቡድኑ አባል «ቀኝ እጅሽን ወደ ላይ፣ ትንሽ ወደ ግራ፣ አዎ እሱን» እያለ ይመራታል። እጇ ግድግዳውን እየዳበሰ ይፈልጋል፤ ያገኘችው መያዣ ጠባብ ነው፤ ልትለቀው ትፈልጋለች። «ቆይ፣ እግርሽን መጀመሪያ አስተካክዪ» ይላታል። ታስተካክላለች፤ ይይዝላታል። ስትወርድ ቡድኑ ተቀምጦ ይጠይቃታል። መቼ ነው ልታቆሚ የፈለግሽው? ድምፁን ለማመን የከበደሽ የት ላይ ነው? ከቤትሽ፣ ከሥራሽ ጋር የሚመሳሰል ነገር አለው? እዚህ ላይ መውጣቱ የንግግሩ መነሻ ይሆናል። ታማሚዋ ስለ አመኔታ ከባዶ ተነሥታ አታወራም፤ ከአምስት ደቂቃ በፊት በክንዷ ስለተሰማት ነገር ነው የምታወራው።

ከዚያ በኋላ የመጡት ሦስት ጥናቶች አንድ ላይ ካልታዩ ትርጉማቸው ይዛባል። በ2018 ሽቴልትሰር መሪ ሆና ያሳተመችው ጥናት ታማሚዎቹ ከሕክምናው ውጭ የሚሠሩት ስፖርት ተሰልቶ ከውጤቱ ሲቀነስም የመውጣቱ ጥቅም እንደሚቀር አሳየ። በ2020 ደግሞ «መውጣትና ስሜት» የተባለው ትልቁ ጥናት አንድ ውጤቱን ይፋ አደረገ። በኤርላንገን፣ በሙኒክና በበርሊን 133 ተመላላሽ ታማሚዎች በዕጣ ተከፈሉ፤ ግማሾቹ ለዐሥር ሳምንት፣ በየሳምንቱ ሁለት ሰዓት የመውጣት ሕክምና ወሰዱ፣ ግማሾቹ በክትትል ቤታቸው ሆነው ስፖርት ሠሩ። ባለሙያ ከ0 እስከ 60 በሚሞላው የሞንትጎመሪና አስበርግ መለኪያ የመጀመሪያዎቹ በ8.4 ነጥብ ተሻሻሉ፣ ሁለተኛዎቹ በ3.0። የመጀመሪያው ቡድን በአማካይ ከመካከለኛ ድባቴ ወደ ቀላል ወረደ ማለት ነው።

ዜናው የተራባው ከዚህ ጥናት ነው፤ እኔ ግን እዚህ ላይ ቆም እላለሁ። ቤቱ ሆኖ የሚለማመድ ሰውና በየሳምንቱ ከሰዎች ጋር ተገናኝቶ ሁለት ሰዓት የሚያሳልፍ ሰው የሚለያዩት በግድግዳው ብቻ አይደለም። የሚጠብቁህ ሰዎች አሉ፤ ብትቀር የሚጠይቁህ አሉ፤ የሚያዳምጥህ ባለሙያ አለ። ድባቴ ሰውን ከሰው የሚነጥል ሕመም ስለሆነ ቡድኑ ብቻውን ብዙ ሊሠራ ይችላል። ስለዚህ የ2020ው ውጤት «የመውጣት ሕክምና ብቻን ከሚሠራ ስፖርት ይበልጣል» ይላል፤ «ግድግዳው ነው ያዳነው» አይልም።

ይህን ክፍተት የሚነካው የጥናቱ ሌላ ክንድ ነው። 156 ታማሚዎች በዕጣ ለሁለት ተከፍለው አንደኛው ወገን የመውጣት ሕክምናውን፣ ሁለተኛው በቡድን የሚሰጠውን ኮግኒቲቭ ቢሄቪየራል ቴራፒ ወሰዱ። ይህኛው አስተሳሰብንና ባህርይን በማረም የሚሠራ፣ ለድባቴ ከረጅም ጊዜ ጀምሮ የታወቀና የተመሰከረለት የንግግር ሕክምና ነው። አሁን በሁለቱም በኩል ቡድን አለ፣ በሁለቱም በኩል መሪ ባለሙያ አለ። ሁለቱም ተሻሻሉ፤ የመውጣት ሕክምናውም ከንግግሩ እንደማያንስ ተረጋገጠ። እኔ ከሁሉም የምመዝነው ይህን ጥናት ነው። ግድግዳው ከተለመደው ሕክምና የሚበልጥ ተአምር የለውም፤ ግን እኩል የሚያደርስ ሌላ መንገድ ነው። ለሕመሙ ሁለት እኩል መንገድ መኖሩ ትንሽ ነገር አይደለም፤ በአንዱ መሄድ ያቃተው በሌላው ይሄዳልና።

ውጤቱ ይቆያል ወይ? ይኸው የኤርላንገን ቡድን በ2019 ባሳተመው ክትትል ታማሚዎቹን እስከ 12 ወር ድረስ አይቶ መሻሻሉ እንዳልጠፋ ዘግቧል። በርከት ያሉት በራሳቸው መውጣታቸውን መቀጠላቸው፣ ሕክምናም መድኃኒትም ያልተዉ መኖራቸው ግን የትኛው ከምን እንደመጣ መለየቱን ከባድ ያደርገዋል።

ስለ ድባቴ ሕክምና ሳይሆን ስለ ዕለት ስሜት ለሚጠይቅ ደግሞ በጀርመኗ ቱቢንገን ከተማ የተሠራ ጥናት አለ። ማሪያ ክላይንሽቶይበርና ባልደረቦቿ በ2017 ሆስፒታል ተኝተው ለድባቴ የሚታከሙ ሰዎችን ከአንድ የመውጣት ክፍለ ጊዜ በፊትና በኋላ ጠየቁ፤ ሌላ ቡድን ደግሞ በዚያው ፈንታ ሰውነትን የማዝናናት ልምምድ አደረገ። በእያንዳንዱ ወገን 40 ሰዎች ነበሩ። ከመውጣት የተመለሱት ደስታቸው ይበልጥ ጨምሮ፣ መከፋታቸውም ይበልጥ ቀንሶ ተገኘ። የአንድ ከሰዓት በኋላ ለውጥ ሕመሙን አይፈውስም። ሆኖም ለወራት ምንም ነገር ደስ ያላለው ሰው ደስታ የሚሰማው አካሉ አሁንም እንዳለ ማወቁ ለመታከም ያለውን ፈቃድ ሊያነቃቃው ይችላል።

እንግዲህ መውጣት ውስጥ ምን አለ? ሰዉ መጀመሪያ የሚያነሣው ሰውነት በእንቅስቃሴ ጊዜ የሚያመነጨውን ኢንዶርፊን የተባለ ንጥረ ነገር ነው። ሰው ላይ በቂ ሆኖ ስላልተረጋገጠ በእሱ ላይ አልዘገይም። ለእኔ ይበልጥ የሚያሳምነኝ ከትኩረት በኩል የሚመጣው ማብራሪያ ነው። አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ምሁር ሱዛን ኖለን ሆክሰማ ዕድሜዋን ያሳለፈችው አንድን ነገር በማጥናት ነው፤ ሰው የከፋውን ስሜቱን ደጋግሞ ሲያብሰለስል ድባቴው እንደሚረዝምና እንደሚጠነክር አሳይታለች። ታዲያ ሰው እየሮጠ ማብሰልሰል ይችላል፤ በእግሩ እየሄደም፣ ብረት እያነሣም እንዲሁ። ሦስት ሜትር ከፍታ ላይ በጣቱ ጫፍ ተንጠልጥሎ ግን አይችልም። የሚቀጥለውን መያዣ ካላየ ይወድቃል። ሐሳቡን እንዲያቆም ማንም አላዘዘውም፤ ሥራው ራሱ ትኩረቱን ወስዶበታል። ለጥቂት ደቂቃ ነው፤ ግን ለወራት እንዲህ ያለ ዕረፍት ላላገኘ አእምሮ ጥቂት ደቂቃ ብዙ ነው።

የሥነ ልቦና ምሁሩ ሚሃይ ቺክሰንትሚሃዪ በ1975 ባሳተመው መጽሐፉ በሥራቸው ተውጠው ራሳቸውን የሚረሱ ሰዎችን ሲያጠና ቼዝ ተጫዋቾችን፣ ዳንሰኞችንና ቀዶ ሐኪሞችን ብቻ ሳይሆን ዐለት ወጪዎችንም መምረጡ ያለ ምክንያት አልነበረም። እንዲህ ያለው መዋጥ የሚመጣው የሥራው ክብደትና የሰውየው ችሎታ ሲመጣጠኑ ነው። የመውጫ አዳራሽ ይህን ምጥጥን በቀለም ለይቶ ያቀርበዋል። የደከመው ቀላሉን ይወጣል፤ ነገ አንድ ደረጃ ከፍ ይላል።

ከትኩረቱ የማይተናነሰው «እችላለሁ» የሚለው ስሜት ነው። የሥነ ልቦና ምሁሩ አልበርት ባንዱራ በ1977 እንዳስረዳው፣ ሰው በችሎታው እንዲያምን ከሚያደርጉት ሁሉ የሚጠነክረው በገዛ እጁ ሠርቶ ማየቱ ነው፤ ቀጥሎ ያለው እሱን የመሰለ ሰው ሲሳካለት መመልከቱ ነው። የማበረታቻ ቃል ከነዚህ በታች ነው። ድባቴ ያለበት ሰው «አንተ እኮ ጎበዝ ነህ» ሲባል በልቡ «አያውቁኝም» ይላል። ባለፈው ሳምንት ያቃተውን ቀለም ዛሬ ከጨረሰ ግን ያን ማንም ሊያስተባብልበት አይችልም፤ እሱ ራሱም ጭምር። የኤርላንገን ቡድን በ2021 ባወጣው ጽሑፍ የታማሚዎቹ «እችላለሁ ባይነት» ከፍ ማለቱን መዝግቧል።

ስለ ፍርሃትም አንድ ነገር ማለት እፈልጋለሁ። ድባቴ ብዙውን ጊዜ ከጭንቀት ጋር ይመጣል፤ የዚያ ጭንቀት ክፋቱም መነሻና መድረሻ የሌለው መሆኑ ነው። ግድግዳ ላይ የሚመጣው ፍርሃት ግን ቦታው ይታወቃል፣ ምክንያቱም ይታወቃል፣ እግር ፍራሹን ሲነካ ያበቃል። ሰውየው እየፈራ አንድ እርምጃ መሄድ እንደሚቻል ይለማመዳል። ይህ ንባቤ ነው እንጂ በቁጥር የተለካ ግኝት አይደለም። ሆኖም ሕክምናው ፍርሃትን አንድ ርእስ አድርጎ መያዙ ባለሙያዎቹም በዚህ አቅጣጫ እንደሚያስቡ ያሳያል።

ዐለት መውጣት ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም፤ ለስፖርት አለመሆኑ እንጂ። ደብረ ዳሞ ገዳም ለመድረስ ወንዶች 15 ሜትር ያህል ቀጥ ያለውን ገደል በጠፍር ገመድ ይወጣሉ። ገርዓልታ ውስጥ ወደ አቡነ የማታ ጉሕ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ሰው ደግሞ ጫማውን አውልቆ፣ በዘመናት ርግጫ የጎደጎዱ ቦታዎችን እየፈለገ ዐለቱን ይወጣል። አካባቢውን የሚያውቁት ሰዎች እንግዳውን ከላይና ከታች ሆነው ያወጡታል። ከላይ ያለው እጁን የት እንደሚያስገባ ያሳየዋል፤ ከታች ያለው የእግሩን ተረከዝ ይዞ ጉድጓዱ ላይ ያሳርፍለታል። እንግዳው ወደ ታች እንዳያይ ያዋሩታል። ይህ ጸሎት ነው፤ ሕክምና ነው ብዬ ስሙን ልቀይርበት አልፈልግም። የማነሣው የጀርመኑ ሕክምና የሚያደርገውን አንዱን ነገር ቁልጭ አድርጎ ስለሚያሳይ ነው፦ ሰው ከፍ ያለ ቦታ ላይ ሲፈራ ከሰማው ምክር ይልቅ እግሩን የያዘለት እጅ ያሻግረዋል።

አሁን ወደ ማስረጃው ድክመት። አንደኛውና ትልቁ፣ ከጥናቶቹ አብዛኞቹ የአንድ ቡድን ሥራ መሆናቸው ነው፤ ሕክምናውን የቀረጹትም የፈተኑትም እነዚያው ናቸው። ሐቀኝነታቸውን አልጠረጥርም፤ ግን ውጤት የሚጸናው ሌላ አገር ያለ፣ ለግድግዳው ፍቅር የሌለው ቡድን ደግሞ ሲያገኘው ነው። መድኃኒት ሲፈተን ታማሚው የትኛውን ክኒን እንደዋጠ አያውቅም፤ ግድግዳ የወጣ ሰው ግን መውጣቱን ያውቃል፤ ተስፋውም ውጤቱን ሊያሳምረው ይችላል። ለእንዲህ ያለ ጥናት ፈቅዶ የሚመዘገብ ሰውም ከመጀመሪያው መንቀሳቀስ የማይጠላ ሊሆን ይችላል። ብዙዎቹ ተሳታፊዎች ጎን ለጎን መድኃኒት ወይም ሌላ ሕክምና ነበራቸው። ወዲያውኑ ራሳቸውን ለማጥፋት የሚያስቡ ሰዎች ደግሞ በጥናቶቹ አልተካተቱም። ማስረጃው ስለ ቀላልና መካከለኛ ድባቴ እንጂ ስለ ከባዱ አይናገርም ማለት ይቻላል። ከቤት ውጭ፣ ተራራ ላይ፣ በገመድ ስለሚደረገው መውጣትም የሚናገረው እምብዛም ነው፤ የተፈተነው አዳራሽ ውስጥ ያለው ነው።

ስፖርቱ ራሱም የሚጎዳበት ጎን አለው። በ2016 ተመራማሪው ሮበርት ሄይሬን እና ባልደረቦቹ ስምንት ዐለት ወጪዎችን በጥልቀት አነጋገሩ፤ አራቱ ከፍተኛ ችሎታ ያላቸው፣ አራቱ መካከለኛ። መውጣት ሲከለከሉ ናፍቆት፣ ብስጭትና ምንም ነገር ደስ ያለማለት እንደሚይዛቸው ተናገሩ፤ ስሜቱ በጎበዞቹ ላይ ይብስ ነበር። ስምንት ሰው ጥቂት ነው፤ ግን ስሜቱን በአንድ ነገር ላይ ብቻ ያንጠለጠለ ሰው ያ ነገር በጉዳት ሲቋረጥበት ምን እንደሚሆን ይጠቁማል። የጣት ጅማትና የቁርጭምጭሚት ጉዳት ደግሞ በዚህ ስፖርት የተለመደ ነው።

ከዚህ የሚከፋው የክብደት ነገር ነው። ቀለል ያለ ሰው በቀላሉ ይወጣል በሚል ስሌት ወጣቶች ራሳቸውን እስኪጎዱ ድረስ ከምግብ ይከለከላሉ። የኦሊምፒክ ሻምፒዮኗ ስሎቬኒያዊት ያኒያ ጋርንብሬት በዚህ ጉዳይ በአደባባይ ተናግራለች፤ በ2023 ጀርመናዊው ሐኪም ፎልከር ሾፍል ለችግሩ የሚሰጠው ምላሽ በቂ አይደለም ብሎ ከዓለም አቀፉ የዐለት መውጣት ፌዴሬሽን የሕክምና ኮሚሽን ለቀቀ፤ በ2024 ፌዴሬሽኑ አዲስ የጤና ደንብ አወጣ። የአመጋገብ ሕመም ያለበት ወይም የነበረበት ሰው ይህን ስፖርት ሐኪሙን ሳያማክር እንዲጀምር አልመክርም። ተራራ የሚወጡት ደግሞ በአደጋ የሞተ ጓደኛ ይቀብራሉ። የአሜሪካ አልፓይን ክለብ ከ2018 ጀምሮ ለሐዘንተኞቹ የሥነ ልቦና ድጋፍ የሚሰጥ ፈንድ ማቋቋሙ የኀዘኑን መጠን ይናገራል። መውጣት ስሜትን ያነሣል የሚሉ ሁሉ ይህን ደብቀው መናገር የለባቸውም።

ለአማርኛ አንባቢ ከዚህ ሁሉ የሚተርፈው ምንድን ነው? በእኛ ጤና ጣቢያዎች ድባቴ ስሙን ይዞ አይመጣም። የሚመጣው «ራሴን ይወጋኛል»፣ «ልቤን ያፍነኛል»፣ «ሰውነቴን ያቃጥለኛል» እያለ ነው። እንዲህ ስቃዩን በሰውነቱ የሚናገር ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ ስለ ስሜቱ ሲጠየቅ አንደበቱ ይያዛል፤ ወንዶች ላይ ደግሞ ይብሳል። ከሰውነት ተነሥቶ ወደ ንግግር የሚሄድ ሕክምና ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ይመቻል ብዬ አምናለሁ። በሙኒክ፣ በበርሊን፣ በዴንቨር ወይም በዋሽንግተን አካባቢ የሚኖር ወገን የመውጫ አዳራሽ ሩቅ አይሆንበትም። ጀርመን ያለው ሐኪሙን «በቦልደሪንግ የሚሰጥ የቡድን ሕክምና አለ ወይ» ብሎ ቢጠይቅ እንግዳ ጥያቄ አይደለም። የቡድኑ ንግግር በጀርመንኛ መሆኑ እውነተኛ እንቅፋት ነው፤ በእነዚህ አገሮች የሚሠሩ አማርኛ ተናጋሪ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ጥቂት ሰዎችን ይዘው ቢጀምሩት ግን የሚያስፈልጋቸው ዝቅተኛ ግድግዳ፣ አንድ ልምድ ያለው አሠልጣኝና የተወሰነ ሰዓት ነው። እባካችሁ አስቡበት።

አገር ቤት ላለው ሰው ግን ግድግዳ ፍለጋ መንገድ አትጀምር እላለሁ። በመስቀል አደባባይ ደረጃዎች ወይም በእንጦጦ መንገድ ጠዋት ጠዋት ከሰው ጋር የሚሠራው እንቅስቃሴ በብዙ ሺህ ሰዎች ላይ ከታየው ማስረጃ ጋር ይስማማል፤ የመውጣት ሕክምናው ማስረጃ በጥቂት መቶዎች ላይ ብቻ የቆመ ነው። ከሕክምናው መውሰድ የሚቻለው አሠራሩን ነው፦ ቀኑና ሰዓቱ የተቆረጠ ይሁን፣ ከሌሎች ጋር ይሁን፣ ሥራው ታማሚው ዛሬ ከሚችለው እጅግ ከፍ አይበል፣ ሲያልቅም ተቀምጦ የሚወራበት ጊዜ ይኑር።

ድባቴ ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየበት ሰው ሐኪም ይየው። መድኃኒት የሚወስድም ሰው ስፖርት ስለጀመረ መድኃኒቱን በራሱ አያቋርጥ፤ ከጥናቶቹ አንዱም እንዲህ አድርጉ አላለም። ሕይወቴን ላጥፋ የሚል ሐሳብ የመጣበት ሰው ካለ ደግሞ ዛሬውኑ አንድ ሰው አብሮት ሆኖ አቅራቢያው ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይውሰደው።